እየጾምኩ ለምን ወፈርኩ? ለአንዲት እናት ጥያቄ የተሰጠ የሐኪም ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂዋ የ38 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ62 ሴንቲሜትር፣ ክብደታቸው 84 ኪሎ ሲሆን ከአሥር ዓመት በፊት 61 ኪሎ ነበሩ። «ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ አጽዋማቱን ሁሉ እጾማለሁ፤ የዓመቱን ግማሽ ያህል ሥጋም ቅቤም አልቀምስም። ታዲያ እየጾምኩ ለምን ወፈርኩ? ስንፍናዬ ይሆን? እናቴም ወፍራም ናት፣ ስኳርም አለባት፤ ነገሩ የዘር ከሆነ ምን ማድረግ እችላለሁ? የዘጠኝ ዓመት ልጄም ሆዱ እየገፋ ነው፤ እሱንስ ከምን ልጠብቀው?» ሲሉ ጠይቀዋል። ከከተማው ዳር ካለ ኮንዶሚኒየም ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ወጥተው ማታ ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ እንደሚገቡ፣ ከሁለተኛው ልጅ ወዲህ የሦስት ወር የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ እንደሚወስዱም ጽፈዋል።

ውድ ጠያቂያችን፣ ከስንፍናው ልጀምር። በውስጥ ደዌ ሕክምና በቆየሁባቸው ዓመታት በውፍረት ምክንያት ካየኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ እንደ እርስዎ ሌሊት ተነሥተው ቤትና መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድሩ፣ ለራሳቸው የሚተርፍ ሰዓት ያጡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ይህን ቃል ከጥያቄዎ ውስጥ አውጥተው ይጣሉት። ጥፋተኝነት የሚሰማው ሰው ለሁለት ሳምንት ራሱን በረኃብ ይቀጣና በሦስተኛው ሳምንት ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው ግን የትኛውን ነገር መንካት እንዳለበት ያውቃል።

በልኬቱ እንነሣ። ክብደትዎን በኪሎ ወስደን፣ ቁመትዎን በሜትር በራሱ አባዝተን፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል 32 እናገኛለን። ውጤቱ 25 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ የሕክምና ክትትል የሚያስፈልገው ውፍረት ይባላል። በ61 ኪሎዎ ጊዜ ግን ልኬቱ 23 ነበር፤ ይህም ጤናማ ነው። ከዚህ ቁጥር ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ወገብ ነው፤ ምክንያቱም ከዳሌና ከጭን ከሚከማች ስብ ይልቅ ሆድ ዕቃ መካከል የሚከማቸው፣ ጉበትንና አንጀትን የሚከበው ስብ የኢንሱሊንን (የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ሆርሞን) ሥራ የሚያዳክመው፣ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን የሚጠራው እሱ ነው። ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ሜትር ይውሰዱ፤ ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ፣ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌው አጥንት ጫፍ መካከል ባለው ቦታ ላይ ዙሪያውን ይጠምጥሙት፤ ሆድዎን ሳይስቡ ትንፋሽዎን ከለቀቁ በኋላ ያንብቡት። ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች ሊሆን ይገባዋልና የእርስዎ ወሰን 81 ሴንቲሜትር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልግባ። 23 ኪሎ በአሥር ዓመት ማለት በዓመት 2 ኪሎ ከ300 ግራም ያህል ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ፣ ይህ ጭማሪ ለቀን ሲከፋፈል ሰውነትዎ በየዕለቱ ያስቀረው ትርፍ 50 ካሎሪ ቢሆን ነው። ይህ ከግማሽ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያነሰ ነው። እርግጥ ሰውነት ሲከብድ የሚያቃጥለውም አብሮ ስለሚጨምር፣ ከአሥር ዓመት በፊት ይበሉት በነበረውና ዛሬ በሚበሉት መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ የሰፋ ነው፤ ቢሆንም በአንድ ማዕድ ላይ በዓይን የሚታይ፣ ሰው «በዛብሽ» ብሎ የሚታዘበው ዓይነት ልዩነት አልነበረም። ብዙዎች «ምንም ሳልበላ ወፈርኩ» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ የተጨመረው ነገር እንደ ምግብ የማይቆጠር ነገር ነውና።

ጾሙም የማይረዳዎ በዚሁ ምክንያት ነው። ጾም ሥርዓቱን የሠራችው ቤተ ክርስቲያን ለነፍስና ለሥጋ ፈቃድ መግቻ እንጂ ለክብደት መቀነሻ አላዘዘችውም፤ እኔም ሃይማኖቱን የምነካበት ሥልጣን የለኝም። እንደ ሐኪም የምለው፣ ዘይትም፣ ስኳርም፣ የፉርኖ ዱቄትም የጾም መሆናቸውን ብቻ ነው። የአያቶቻችን የጾም ገበታ ተልባ፣ ስልጆ፣ ጎመን፣ ንፍሮና ቆሎ ነበረ፤ ዘይቱም ቢሆን ከኑግ ወይም ከሱፍ በብዙ ድካም የሚወጣ ስለነበር በጠብታ ይቆጠር ነበር። የዛሬው የከተማ ጾመኛ ግን በ4 ሰዓት ሻይ ከቦንቦሊኖ ጋር፣ ምሳ ላይ ፓስታ በስጎ፣ ከሰዓት በኋላ ሳምቡሳ፣ ማታ ዘይቱ ከላይ የሚንሳፈፍ ሽሮ ይበላል፤ ለልደት ደግሞ የጾም ኬክ አለለት። እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ደግሞ የሚቸገረው በማምሻው ነው፤ ቀኑን ሙሉ የታገደው ረኃብ ማታ በአንድ ጊዜ ይመጣና ሰው ከጥጋብ አልፎ በልቶ ወዲያው ይተኛል። በረመዳንም በኢፍጣር ሰዓት የሚታየው ሳምቡሳ፣ ጣፋጭና ጁስ ተመሳሳይ ውጤት አለው።

ስለ ዘይት ጥቂት ልቆይ፤ በእኛ ከተማ ከሥጋም ከስኳርም በላይ የማየው ችግር እሱ ስለሆነ ነው። አንዲት ታካሚዬን «ቤት ውስጥ ዘይት ምን ያህል ትጠቀማላችሁ?» ብላቸው «ኧረ ትንሽ ነው» አሉኝ። ተከራክሬ አላሳመንኳቸውም፤ ይልቁንም አዲሱን የአምስት ሊትር ጀሪካን ሲከፍቱ ቀኑን በማርከር ወገቡ ላይ እንዲጽፉበት፣ ሲያልቅም የጨረሱበትን ቀን ጽፈው እንዲያመጡልኝ ጠየቅኳቸው። አራት ሰው ባለበት ቤት በ21 ቀን አለቀ። ሒሳቡን ጠረጴዛዬ ላይ አብረን ሠራነው፤ ለአንድ ሰው በቀን 60 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አራት የሾርባ ማንኪያ፣ ወደ 490 ካሎሪ መጣ። ይህ አንድ ሰው በቀን ከሚያስፈልገው ኃይል ሩብ ያህሉ ነው፤ ያውም ያልታኘከ፣ ሆድ ያልሞላ፣ ማንም ሰው «ዛሬ ምን በላህ?» ሲባል የማይጠራው ምግብ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን የሚሰጠው 4 ነው። በዚህ ላይ በየሰፈሩ ሱቅ የምናገኘው የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የደም ቧንቧን የሚጎዳው ዓይነት ስብ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ስኳር ነው። አንዱ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር ይይዛል፤ በሻይ ማንኪያ ሰባት ያህል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን የሚጨመር ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። አሁን ቡናችንን እናስብ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው ሦስቱንም በሁለት ሁለት ማንኪያ የሚጠጡ ከሆነ ከ24 እስከ 30 ግራም ሄደ። በመሥሪያ ቤት የሚጠጡት ሁለት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ሲጨመርበት ለስላሳ ሳይነካ ወሰኑ ይሞላል። ሰውነት የተጠጣ ስኳርን እንደ ተበላ ምግብ ስለማይቆጥረው በምሳ ሰዓት ያንኑ እንጀራ ያለ ቅናሽ ይበላሉ።

ሌላው ፋብሪካ ውስጥ ተቀነባብሮ የሚመጣው ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጥናት 20 ሰዎችን በአንድ ሕንፃ ውስጥ አኑሮ፣ ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ከጥሬ ዕቃው የተሠራ ምግብ አቀረበላቸው። የቀረበው ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና ቃጫ (ፋይበር) ተመጣጣኝ ነበር፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉም ተፈቀደላቸው። ሰዎቹ የፋብሪካውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ በሁለት ሳምንትም አንድ ኪሎ ሊሞላ ምንም ያህል ያልቀረው ክብደት ጨመሩ። በሌላው ሁለት ሳምንት ደግሞ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ይህን የማነሣው ብስኩት፣ ችፕስና ፈጣን ኑድል በየኪዮስኩ እንደ ቀላል ምግብ ስለሚቆጠሩ፣ በተለይም ለልጅዎ ምሳ ዕቃ ስለሚገቡ ነው።

ከምግቡ ሌላ ቀንዎ ራሱ አለ። ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ ያለውን ጊዜ ስቆጥረው መኪና ውስጥና ወንበር ላይ ከ12 ሰዓት በላይ ይቀመጣሉ። እናትዎ በእርስዎ ዕድሜ ውኃ ተሸክመው፣ ገበያ በእግራቸው ወጥተው፣ እህል ወቅጠው ያወጡት የነበረው ጉልበት በእርስዎ ቀን ውስጥ ቦታ የለውም። በዚያ ላይ ሌሊት 5 ሰዓት ተኝተው ከማለዳው 11 ሰዓት የሚነሡ ከሆነ እንቅልፍዎ ስድስት ሰዓት ነው። እንቅልፍ ያጠረው ሰው በማግስቱ የረኃብ ስሜቱ እንደሚጨምር፣ በተለይም ጣፋጭና ቅባት እንደሚያምረው በጥናት የተረጋገጠ ነው። መርፌውንም አልዘነጋሁትም፤ የሦስት ወር መርፌ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት ይጨምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በግልጽ የጨመረች ሴት በኋላም የመጨመር ዕድሏ ከፍ ያለ ነው። በራስዎ አያቋርጡት፤ ቀጠሮዎ ሲደርስ ሉፕ (በማኅፀን የሚቀመጠው) ወይም ሌላ ዘዴ ይስማማዎት እንደሆነ ከሚከታተልዎ ባለሙያ ጋር ይነጋገሩ።

ስለ ዘር የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው። መንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሰዎች መካከል ባለው የክብደት ልዩነት ውስጥ የውርስ ድርሻ ከ40 እስከ 70 በመቶ እንደሚደርስ ያሳያሉ፤ ስለዚህ እናትዎ ወፍራም መሆናቸው ግድ ይላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2007 የታወቀው፣ ከውፍረት ጋር ከተያያዙት የተለመዱ ዘረ መሎች ሁሉ ጎልቶ የወጣው ኤፍ.ቲ.ኦ. የተባለው ዘረ መል፣ ከአባትም ከእናትም የወረሱትን ሰዎች ከሌሎቹ የሚለያቸው በአማካይ በ3 ኪሎ ብቻ ነው። የእርስዎ ጭማሪ 23 ኪሎ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረን የራሳችን ወገኖች ታሪክ ነው። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ቀጫጭኖች ነበሩ፤ የስኳር በሽታም በመካከላቸው ከስንት አንድ የሚገኝ ነበር። ነጭ ዳቦ፣ ስኳር፣ ዘይትና የከተማ ኑሮ በተገናኟቸው ጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታው ተስፋፋ፤ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም ከሌላው የአገሩ ሕዝብ ባነሰ ክብደት ላይ ሆነው እንኳ በስኳር እንደሚያዙ አሳይተዋል። ዘራቸው በጥቂት ዓመታት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ገበታውና ኑሮው ነው። ለእኛም ትርጉሙ ቀጥተኛ ነው፤ «ገና ብዙም አልወፈርኩም» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውነት ለምን ዝም ይላል ቢሉ፣ ሰውነታችን የተሠራው ለክፉ ቀን ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ በኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ሌፕቲን የተባለውን፣ ከስብ ህዋሳት ወጥቶ ስንቅ ምን ያህል እንዳለ ለአንጎል የሚናገረውን ሆርሞን ገለጹ። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲንም ይወርዳል፤ አንጎልም ረኃብ መጣ ብሎ ምግብ ፍለጋውን ያበረታል፣ የሚቃጠለውን ኃይልም ይቆጥባል። ስብ ሲበዛ ግን በዚያው ልክ «በቃህ» የሚል ኃይል የለውም። በአንድ ወር 8 ኪሎ ያወረደ ሰው በዓመቱ ከነበረበት አልፎ የሚገኘው ለዚህ ነው፤ እኔ ከምንም በላይ አስቀድሞ መከላከልን የምለፈልፈውም እንዲሁ። 84 ኪሎን ወደ 61 ከመመለስ 61 ላይ መቆየት በብዙ ይቀላል።

የእርስዎ ቤት ብቻም አይደለም። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል ከመጠን ያለፈ ክብደት ወይም ውፍረት ያለባቸው በ1992 ዓ.ም. 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 8 በመቶ ደረሱ። በከተማ ብቻ ሲታይ 21 በመቶ፣ በገጠር 4 በመቶ ነበር። በዚያው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። መቀንጨርና ውፍረት በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት አብረው ይኖራሉ፤ ይህም እንግዳ ነገር አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 ክረምት በኔዘርላንድ በተከሰተው ረኃብ ወቅት በእርግዝናቸው የመጀመሪያ ወራት ከተራቡ እናቶች የተወለዱ ወንዶች በ19 ዓመታቸው ሲመረመሩ ከሌሎቹ ይልቅ ውፍረት በዝቶባቸው ተገኝቷል። በማኅፀን ሳለ እጥረትን የተማረ ሰውነት ትርፍ ሲያገኝ ያስቀምጠዋል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ያለፍን ሕዝብ ነንና ይህን ቀለል አድርጌ አላየውም።

የረኃቡ ትዝታ ግን ከሥጋችን ይልቅ በአነጋገራችን ውስጥ ጎልቶ ይኖራል። ወፍሮ የመጣን ሰው «አምሮብሃል፣ ተመችቶሃል» እንላለን፤ የቀነሰችን ሴት «ምን ነካሽ? አመመሽ እንዴ?» እንላለን። ኤድስ ቤት ይዘጋ በነበረበት ዘመን መክሳት ራሱ የሚያሳማ ነገር ስለነበር በዚያን ጊዜ ሆን ብለው የወፈሩ ሰዎችን አውቃለሁ። ዛሬም ለማወፈሪያ ተብለው በእጅ በእጅ የሚሸጡ እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ ክኒኖች አሉ፤ እነዚህ ስኳርን፣ ግፊትንና የአጥንት መሳሳትን የሚያመጡ ናቸውና ማንም በራሱ አይዋጣቸው። እርስዎም መቀነስ ሲጀምሩ ከሰፈር ሰው የሚመጣውን «ከሳሽ» ከወዲሁ ይጠብቁት፤ ብዙ ታካሚዎቼ የተሸነፉት በእሱ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የ23ቱን ኪሎ ነገር ለጊዜው ይርሱት። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ለስኳር በሽታ የተጋለጡ ሰዎች ክብደታቸውን በ7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲሠሩ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ለእርስዎ 7 በመቶ ማለት 6 ኪሎ አይሞላም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ግብዎ 78 ኪሎ ይሁን።

ዘይቱን ይቅደሙት። ጀሪካኑ ላይ ቀኑን ይጻፉ፤ አራት ሰው ባለበት ቤት አምስቱ ሊትር ስድስት ሳምንት እንዲቆይ ማድረግ ከቻሉ የእያንዳንዱ ድርሻ በቀን ወደ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይወርዳል፤ በየሰውም ወደ 245 ካሎሪ ይቀንሳል። ሽንኩርቱን እናቶቻችን እንደሚያውቁት ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ በሚደረግ ውኃ በደንብ አቁላልተው፣ ዘይቱን በመጨረሻ በማንኪያ ለክተው ይጨምሩ፤ ከጀሪካኑ በቀጥታ ማንቆርቆር ይቅር። ጣዕሙ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። በጾም ወቅት ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን ከትሪው ግማሽ በላይ ይሁኑ፤ ጥጋብን የሚያቆየው ፕሮቲንና ቃጫ ነውና። ለቢሮው 4 ሰዓት ቦንቦሊኖውን በአንድ እፍኝ ሽምብራ ቆሎ ይለውጡት። እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት የሚበላ ነገር ይዘው ይሂዱ፤ ማታ ቤት ሲገቡ በረኃብ እንዳይገቡ። ከስኳሩ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ብቻ ይቀንሱ፤ ምላስ ቀስ በቀስ ሲለምድ አይቃወምም። ለስላሳ መጠጥን ግን በግማሽ ማንኪያ አካሄድ አልደራደርም፤ ከቤት ይውጣ።

በእግር ስለመሄድ ደግሞ ሐቁን ልንገርዎ። በእርስዎ ክብደት ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መሄድ ወደ 150 ካሎሪ ያቃጥላል፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ አብዛኛውን መልሶ ይሞላዋል። ስለዚህ ገበታው ሳይለወጥ በእግር ጉዞ ብቻ ብዙ ኪሎ አይወርድም። ነገር ግን ሚዛኑ ባይነቃነቅም እንኳ እግር ጉዞ ስኳርን፣ ግፊትንና ልብን ይጠብቃል፤ የቀነሰ ክብደት ተመልሶ እንዳይመጣ የሚያደርገውም በዋናነት እሱ ነው። ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድመው ይውረዱ፤ ከምሳ በኋላ አሥር ደቂቃ በግቢው ይዙሩ፤ ቤትዎ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ ደረጃውን እንደ እርግማን አይዩት።

ወደ ልጅዎ ልምጣ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚለካው ለዕድሜውና ለጾታው በተዘጋጀው የእድገት ሰንጠረዥ እንጂ ለአዋቂ በሚሠራው ቁጥር አይደለም፤ ስለዚህ ጤና ጣቢያ ወስደው ያስለኩት። ምግብ አይከልክሉት፣ ስለ ሆዱም አይናገሩት፤ ልጅ ገና በቁመት ስለሚያድግ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ክብደቱ ባለበት እንዲቆይ ነው እንጂ እንዲወርድ አይደለም። ቤተሰቡ ሁሉ የሚበላው ሲለወጥ የእሱም ይለወጣል። ከምሳ ዕቃው ብስኩትና የታሸገ ጁስ ይውጣ፣ ውኃና ሙዝ ይግባ። ቴሌቪዥን እያየ አይብላ። ከ9 ሰዓት እንቅልፍ አያንስ። አያትም፣ አክስትም፣ የቤት ሠራተኛም አንድ ነገር ይስማሙ፤ ልጁ «ጠግቤያለሁ» ሲል «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» አይባል። ጉርሻ የፍቅራችን ምልክት ነው፤ ግን አንድ ልጅ የራሱን ጥጋብ ማድመጥ የሚማረው በዚህ ዕድሜ ነው፤ አዋቂ ሆኖ ይህን ስሜት ያጣ ሰውን መልሼ ማስተማር ምን ያህል እንደሚከብድ በየዕለቱ አየዋለሁ።

እዚህ ላይ ለእርስዎ ብቻ የማልተወው ነገር አለ። ልጅዎ ኳስ የሚጫወትበት ሜዳ ከሌለ፣ የትምህርት ቤቱ ሱቅ ለስላሳና ችፕስ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ፣ እንቁላልና አትክልት ከዘይትና ከዳቦ ይልቅ ኪስ የሚጎዳ ከሆነ የእናት ጥረት ብቻውን የትም አይደርስም። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በስኳር መጠጦች ላይ በሊትር አንድ ፔሶ ግብር ስትጥል ግዢው ቀነሰ፤ ቺሊ በ2016 ስኳር፣ ጨውና ስብ በበዛባቸው ምግቦች ላይ ጥቁር ማስጠንቀቂያ አስለጠፈች፣ በትምህርት ቤቶችም ሽያጫቸውን ከለከለች። በአገራችንም የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለስላሳ መጠጦችን ይመለከታል፤ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ደግሞ ሕፃናት አስፋልት ላይ ሲሮጡ ያየንበት ቀን ነበር፤ የእግረኛ መንገዶችም በአዲስ አበባ እየሰፉ ናቸው። ከትምህርት ቤቱ ወላጆች ኮሚቴ ጋር ስለ ሱቁ ይነጋገሩ፤ በዚህ ላይ አንድ እናት ብቻዋን ከምትናገር አምስት እናቶች አብረው ቢናገሩ ይሰማሉ።

በመጨረሻም ስለ መድኃኒት። የማቅጠኛ ሻይ የሚባሉት ብዙዎቹ ተቅማጥ የሚያመጡ ናቸው፤ የሚያስወጡት ውኃ እንጂ ስብ አይደለም፣ ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ። ሴማግሉታይድ፣ በንግድ ስሙ ዌጎቪ ወይም ኦዜምፒክ የሚባለው መርፌ ግን እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ በትልቁ ጥናት ላይ በ68 ሳምንት በአማካይ 15 በመቶ ያህል ክብደት ቀንሷል። ሲቋረጥ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሰው ሁለት ሦስተኛው ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2024 በአስመሳዩ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ስለዚህ ከሻንጣ ነጋዴ አይግዙ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝም አይውሰዱ።

ከዚያ በፊት ወደ ጤና ተቋም ሄደው የደም ግፊት፣ ምግብ ሳይበሉ የሚለካ የደም ስኳር፣ የደም ቅባትና የጉበት ምርመራ ያድርጉ፤ እናትዎ ስኳር ስላለባቸው ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። ብርድ ብርድ የሚልዎ፣ ድርቀት ያለብዎ፣ አንገትዎ ላይ እብጠት የሚታይ ከሆነ የእንቅርት ዕጢ ምርመራም ይጨመር፤ ባለቤትዎ ማታ አብዝተው እንደሚያንኮራፉ፣ አልፎ አልፎም ትንፋሽ እንደሚቋረጥብዎ ከነገሩዎት ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ። ለቀጠሮዎ ሁለት ነገሮችን ጽፈው ይዘው ይሂዱ፤ አንደኛው የወገብዎ ልኬት ከነቀኑ፣ ሁለተኛው ጀሪካኑ የተከፈተበትና ያለቀበት ቀን። በሦስት ወር ውስጥ ወገብዎ ሦስት ወይም አራት ሴንቲሜትር ከቀነሰ፣ ሚዛኑ ብዙ ባይወርድም የሆድ ዕቃው ስብ እየሄደ ነውና አያቋርጡ፤ ምንም ካልቀነሰ ደግሞ በዚያው ወረቀት ላይ ተመሥርተን የትኛው ነገር እንዳመለጠን አብረን እንፈልጋለን።